ሐዲድ በሌለበት ከተማ መስመር ማስመር

ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ሐዲድ ግን የለም። ሐይቁ አለ፣ ዘንባባው አለ፣ ባጃጁ ከሚፈለገው በላይ አለ። ባቡር ማየት ያማረው ሰው ሻንጣውን ይዞ ዓባይን መሻገርና አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ይኖርበታል። እኔ ደግሞ እዚህችው ከተማ ተቀምጬ የባቡር ሞዴል እሠራለሁ። የሠፈሬ ሰው ይህን ሲሰማ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ለልጅህ ነው?» ልጄ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ባቡር ከሚባል ነገር ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። «ለራሴ ነው» ስላቸው ሰዎቹ በትሕትና ወሬ ይቀይራሉ።

ዛሬ ስለ ሞዴሉ ሞተርና ስለ ሽቦው አልጽፍም። እነዚያ ወይ ይሠራሉ ወይ አይሠሩም፤ ክርክር የላቸውም። የምጽፈው ስለ ቀለሙ ነው፤ ከቀለሙም በተለይ ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሰመረው ቀጭን መስመር። ሞዴል የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ማረፉን ግን አያውቅም። «እውነተኛ ይመስላል» ወይም «አሻንጉሊት ይመስላል» ብሎ ያልፋል። ያን ፍርድ የሰጠው መስመሩ ነው።

የሠራሁት ሊቶሪና ነው፤ ሞተሩ በራሱ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ጎታች የማያስፈልገው ነጠላ የመንገደኛ ፉርጎ። በጣልያን ወረራ ዘመን የፊያት ሊቶሪናዎች በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ይሮጡ ነበር። ያ የድሮው የምድር ባቡር መስመር ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። እኔ ልቤ ከጠባቡ ጋር ነው። ጠባብ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ከሐዲዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ ስለሚታይ የራሱ የሆነ ግርማ አለው።

ሞዴሉ ከእውነተኛው አርባ አምስት ጊዜ ያንሳል። አንድ ሜትር የነበረው የሐዲድ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ይሆናል፤ 15 ሜትር ሊረዝም የሚችል ሊቶሪና 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። በእውነተኛው ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጌጠኛ መስመር እዚህ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ችግሩ ሁሉ ያለው በዚህች ግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው።

ይህ ሊቶሪና የማንም ግልባጭ አይደለም። ባሕር ዳር ባቡር ቢኖራት ኖሮ በሐይቁ ዳር ምን ይሮጥ ነበር ብዬ ያሰብኩት ነው። «ታዲያ እንደ ልብህ መቀባት ትችላለህ» ያለኝ ሰው አለ። እንደ ልብ መቀባት ከመገልበጥ የከበደ ነው። የሚገለብጥ ሰው ሲጣላ ፎቶግራፍ አውጥቶ ያሳያል፤ እኔ የማሳየው ፎቶግራፍ የለኝም። ቀለሙ ራሱ ቆሞ መከራከር አለበት።

መጀመሪያ ሐሳቤ የዘጌን ጫካ አረንጓዴ ከታች ማድረግ ነበር። ደስ ይላል፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ቢጫ መስመር ሲሰመርና ከሥሩ ቀይ ሲጨመር ሰንደቅ ዓላማ ይሆናል፤ ሊቶሪናው የመንግሥት በዓል የሚሄድ መሰለኝ። ሰማያዊ ደግሞ ባጃጅ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ሰማያዊ የተቀባ ተሽከርካሪ አይቶ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው የለም። በመጨረሻ ከታች ወደ ሸክላ የሚያደላ ጥቁር ቀይ፣ ከመስኮቶቹ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ክሬም፣ በመገናኛቸው ላይ ጥቁር መስመር፣ ከጥቁሩ በታች በቀዩ መደብ ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን የአፈር ቢጫ መስመር እንዲሆን ወሰንኩ። ንጹሕ ቢጫን ሆን ብዬ ተውኩት። ቢጫ የመሸፈን ዐቅሙ ደካማ ስለሆነ ቀይ ላይ ሲያርፍ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። የአፈር ቢጫ ግን ጠንካራ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቀይ ዝም ያሰኘዋል።

ቀለሞቹን ሁሉ ከትክክለኛው መልካቸው ትንሽ አፈዘዝኳቸው፤ ቀዩ ውስጥ ጥቂት ክሬም ጠብ አደረግሁበት፣ ጥቁሩንም ወደ ግራጫ አስጠጋሁት። እውነተኛ ፉርጎ የምናየው ከሩቅ ነው፤ በመካከሉ አየርና አቧራ አለ፤ ቀለሙም ገርጥቶ ይደርሰናል። ሞዴል ግን ከክንድ ርቀት የሚታይ ነው። ለትልቁ የተሠራ ቀለም እንዳለ ትንሹ ላይ ሲደረግ ይጮኻል።

አካሉ የተሠራው ከባዶ የምግብ ዘይት ጣሳ ነው። ጣሳ ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ እንደ ፕላስቲክ የመኪና ቀለም አይበላውም። ነገር ግን ለብየዳው የሚቀባው አሲድ በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ያልታጠበ እንደሆነ ከወራት በኋላ ከቀለሙ ሥር ዝገት ይዞ ብቅ ይላል። ስለዚህ በሞቀ ውሃና በላርጎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስፌት ለስፌት ይታጠባል፤ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ አይነካውም። የጣት ቅባት ዓይን አያየውም፣ ቀለም ግን ያገኘዋል። በመቀጠል ጉድጓዱ በቀጭን ስቱኮ ይሞላል፣ በውሃ በተነከረ ረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ግራጫ የመጀመሪያ ቀለም ይለብሳል።

ግራጫው ላይ ሳለ ነው አማቴ የመጡት። ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፉርጎ በመቀባት ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ቡናው ሳይፈላ ሊቶሪናውን አነሡት። ከፊት ለፊት አላዩትም። ወደ መስኮቱ ሄዱና ጎኑን ከዓይናቸው ትይዩ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብርሃኑ በጎኑ ላይ ተጋድሞ እንዲያልፍ ቀስ እያሉ አዞሩት። ብርሃን እንዲህ ሲጋደም ጣት የማያገኘው ጎድጓዳ ጥላ ይጥላል። ከሁለተኛው መስኮት ሥር በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ መስመርህ እዚህ ጋ ሲደርስ ይሰክራል» አሉኝ።

«አባባ፣ ገና መስመር አልተሰመረም እኮ» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው አሁን የምነግርህ።»

ይህ ጽሑፍ የሚለው ነገር ካለው ይህ ነው። መስመር ብዕር ከመነሣቱ በፊት ተሠርቶ ያልቃል፤ ብዕሩ ቀድሞ የተሠራውን ነው የሚያወጣው። አንድ ቀለም ብቻ የተቀባ አካል ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ቀጥ ያለ መስመር በላዩ ሲያልፍ ግን ዓይን ማወዳደሪያ ያገኛል፤ አንድ ቦታ አካሉ ወደ ውስጥ ገባ ካለ መስመሩም አብሮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ ላለማየት መሞከር ዋጋ የለውም። እኔ ከቀለም ሥራው ትልቁን ጊዜ የሰጠሁት ቀለም ላልሆነው ነገር ነው፤ ለስቱኮ፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለመስኮት ብርሃን።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሐይቅ የተንተራሰች ከተማ ናት፤ ለሚረጭ ቀለም ሁለት ዓይነት ጠባይ አላት። በክረምት አየሩ ውሃ ያዘለ ስለሆነ በቲነር የቀጠነ ቀለም ሲደርቅ እርጥበቱን ይስብና ፊቱ እንደ ጭጋግ ይነጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ ከአፈሙዙ ወጥቶ አካሉ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የእኔ ወቅት መስከረም ካለፈ በኋላ ያለው ነው፤ አየሩ ታጥቧል፣ አቧራው ገና አልተነሣም። ሰዓቱም ጧት ነው። ማታ መብራት አብርቶ የሚቀባ ሰው የሐይቁን ትንኝ ሁሉ ጠርቷል፤ ትንኝ ደግሞ እርጥብ ክሬም ቀለም ላይ ካረፈች አትነሣም።

መብራት የሚባለው ነገር ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎኑን ከግማሽ በላይ ረጭቶ መብራት ጠፍቶ ለመርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር ጸጥ ሲል የሚሰማውን ስሜት ለማንም አልመኝም። መፍትሔው ሠፈራችን ካለው ጎሚስታ ተገኘ። አንድ አሮጌ ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬው አስነፋሁና፣ ከቫልቩ ላይ ቱቦ አውጥቼ፣ በመካከሉ ግፊት መቀነሻ አድርጌ ከመርጫው ጋር አገናኘሁት። የመኪና ጎማ የሚይዘው አየር ለዚህ ሥራ ከሚፈለገው ግፊት በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ስለሆነ ለአንድ ዙር ይበቃል። ድምፅ የለውም፣ መብራት አይጠይቅም፣ የሚያስከፍለውም የጎማ ማስነፊያ ዋጋ ነው። ጎሚስታው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ባቡር ልቀባበት ነው» አልኩት። ሒሳቡን ተቀብሎ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ፈዛዛው ቀለም ይቀድማል፤ ክሬም ላይ ቀይ ማልበስ ቀላል ነው፣ ቀይ ላይ ክሬም ማልበስ ግን መከራ ነው። ክሬሙ በደንብ ሲጠነክር ላይኛው ክፍል በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። የፕላስተሩ ጠርዝ የሚቆመው በዓይን ግምት አይደለም። ሊቶሪናውን ወፍራም መስታወት ላይ አቁሜ፣ እርሳስ በአንድ የእንጨት ቁራጭ ላይ በሚፈለገው ከፍታ አስሬ፣ እንጨቱን በመስታወቱ ላይ እየገፋሁ ዙሪያውን ምልክት አደርጋለሁ። ከፍታ የሚለካው ከታች፣ ከሐዲዱ ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ የለካ ሰው የጣሪያውን ስሕተት ወደ ጎን አወረሰው ማለት ነው። ፕላስተሩ ከተጫነ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘልለው አንድ ነገር አለ፤ በጠርዙ ላይ እንደገና ክሬም መርጨት። ከፕላስተሩ ሥር የሚሾልክ ቀለም ካለ ክሬሙ ቀድሞ ይገባና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ክሬም በክሬም ላይ ስለሆነ አይታይም። ቀዩ ከዚያ በኋላ ሲመጣ የሚሾልክበት መንገድ የለውም። ፕላስተሩ የሚነሣው ቀዩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ በዝግታ ነው።

አሁን ብዕሩ።

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ ፖሊ ቴክኒክ እንዳላት የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። እዚያ የንድፍ ሥራ የተማሩ አንድ ጎረቤታችን የድሮ ኮምፓሳቸውን ከነሣጥኑ ሰጥተውኛል። ውስጡ ሐምራዊ ከፈይ የለበሰ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው፤ በከፈዩ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ጎድጓዳ አልጋ አለው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ማስመሪያ ብዕር ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ሥራውን ስለወሰደው የንድፍ ተማሪ አይቶት አያውቅም። ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ትይዩ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ ትንሽዬ ጠመዝማዛ ቡሎን ክፍተቱን ታጠባለች ወይም ታሰፋለች። መስመሩ የክፍተቱን ያህል ይሰፋል፣ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

ቀለሙ ግን ምሥጢር አለው። መደቡ የመኪና ቀለም ነው፤ መስመሩ የሚሰመረው ደግሞ በዘይት ቀለም መሆን አለበት። የዘይት ቀለም የሚሟሟው በአኳራጅ ነው፤ አኳራጅ ደግሞ የደረቀ የመኪና ቀለምን አይነካውም። ስለዚህ ያልተዋጣ መስመር በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፣ መደቡም እንደነበረ ይቆያል። መስመሩንም በመኪና ቀለም ያሰመረ ሰው ግን ለመጥረግ ቲነር ያስፈልገዋል፤ ቲነር መደቡንም ይዞት ይሄዳል። ሌላው ነገር፣ ጣሳውን አለመበጥበጥ ነው። ሳይነካ ለብዙ ጊዜ የቆመ የዘይት ቀለም ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀለሙ ራሱ ከሥር ይረጋል። ለመስመር የሚፈለገው ይህ የረጋው ነው፤ ከሥሩ በክብሪት እንጨት ይጨለፍና በጥቂት አኳራጅ ይላላል። ሲንጠባጠብ እንደ ማር ክር መሳብ አለበት። የቀጠነ ከሆነ ከብዕሩ ላይ ይፈስሳል፤ የወፈረ ከሆነ በመንገድ ላይ ይቆማል።

ብዕሩን ቀለም ውስጥ መንከር አይገባም። በትንሽ ብሩሽ በሁለቱ ምላሶች መካከል ጥቂት ይደረጋል፤ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ከፍታ ይበቃል፣ ከዚያ ከበለጠ ክብደቱ ራሱ ይገፋዋል። የምላሶቹ የውጭ ፊት ደረቅ መሆን አለበት፤ ውጩ ላይ ያለች አንዲት ጠብታ ብዕሩ ተደግፎት የሚሄደውን ማስመሪያ ስትነካ ከሥሩ ሰርጋ ትገባለች፣ ያን ጊዜ የሚታየው መስመር ሳይሆን ኩሬ ነው። ለዚህም ማስመሪያው ራሱ አካሉን መንካት የለበትም፤ በሁለቱ ጫፎቹ ሥር ወፍራም ካርቶን ለጥፌ ከፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ መደብ የተቀባ የጣሳ ቁራጭ ላይ መሞከር ነው። ብዕር ቀለም ሞልቶም አንዳንድ ጊዜ አፉ ይደርቅና አይጀምርም፤ በጥፍር ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ይጀምራል፤ ልክ እንደጀመረ፣ ሌላ ሐሳብ ሳይመጣ፣ ወደ ሊቶሪናው።

ሲሰመር የሚንቀሳቀሰው ጣት አይደለም፤ የእጅ አንጓም አይደለም። ክንድ ከትከሻ ጀምሮ ነው። ብዕሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ሁለቱም ምላሶች እኩል ይነካሉ፣ ጫና የሚባል ነገር የለም፤ በራሱ ክብደት ይሄዳል። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ በመካከሉ ያመነታ እጅ መስመሩ ላይ ወፈር ያለ ቦታ ትቶ ያልፋል። እኔ ትንፋሼን አልይዝም፤ ትንፋሽ መያዝ ልብ ምትን ወደ ጣት ያመጣል። ቀስ እያልኩ አወጣዋለሁ፤ ትንፋሹ ከማለቁ በፊት ሠላሳ ሦስት ሴንቲ ሜትሩ ያልቃል። እርጥቡ መስመር በዚያች ቅጽበት ከመደቡ ከፍ ብሎ፣ የመስኮቱን ብርሃን በጀርባው ተሸክሞ ይታያል። ሲደርቅ ይወርዳል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይወርድም።

የሁለቱ መስመሮች ስፋት አንድ ይሁን የሚል ሰው ይሳሳታል። ጨለማ መደብ ላይ ያለ ፈዛዛ መስመር ለዓይን ከእውነተኛ ስፋቱ በልጦ ይታያል፤ ፈዛዛ መደብ ላይ ያለ ጥቁር መስመር ደግሞ አንሶ። ስለዚህ ቀዩ ላይ ለሚያርፈው የአፈር ቢጫ ቡሎኗን ትንሽ አጥብቄያታለሁ። በመለኪያ ሲለኩ ይለያያሉ፣ ሲያዩአቸው ግን እኩል ናቸው።

የመስመሩ መነሻና መድረሻ ምልክት ይፈልጋል። እርሳስ በቀይ ቀለም ላይ አይታይም፣ በክሬም ላይ ደግሞ ቆሻሻ ይተዋል። መላውን ያገኘሁት ከአንድ ቁም ጸሐፊ ነው። የብራና ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፣ ነጥቦቹን እያገናኘ ያለ ቀለም ያሰምራል፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚያ ነው። ማስመሩን አልወሰድኩትም፤ የተጫረ ቀለም ላይ እርጥብ ቀለም በጭረቱ ይሮጣል። መውጋቱን ግን ወስጃለሁ። በየጫፉ አንድ የመርፌ ነጥብ፣ መስመሩ ራሱ ሲያልፍባት የምትሸፈን። ጸሐፊው ሊቶሪናውን አገላብጠው አይተው፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለማይጻፍበት መስመር ነው?» አሉኝ። ለእርሳቸው መስመር ለቃል የሚዘጋጅ መንገድ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

አፍንጫው ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ሊቶሪና ፊቱ ክብ ነው፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አይገባበትም። ከአሮጌ የራጅ ፊልም የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ ይታጠፍና አፍንጫውን ይከተላል። የበሮቹ ዙሪያ ማዕዘኖች ደግሞ በኮምፓስ ላይ በሚገጠም ብዕር ይሠራሉ። እዚህ ላይ የንድፍ ክፍል ሕግ ይሠራል፤ ቅስቱ ይቀድማል፣ ቀጥታው ይከተላል። ቀጥታ መስመርን ቅስት ጫፍ ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ቅስትን ሁለት የቆሙ ቀጥታዎች መካከል ማስገባት ግን ለማንም አይቀናውም።

ዘጌ ወርጄ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ባየሁ ቁጥር የማጠናው ይህን ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው፤ የልብሱ እጥፋት፣ የፊቱ ዙሪያ፣ የፈረሱ ልጓም በጥቁር መስመር ተከብቧል። ቀረብ ብሎ ላየው መስመሩ አንድ ወጥ አይደለም፤ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ አንዳንድ ቦታ ብሩሹ ሲነሣ ሹል ጭራ ትቷል። ሆኖም ማንም «ተሳስቷል» አይልም። ጠማማ መስመር የመወፈርና የመቅጠን መብት አለው፤ ዓይን እንደ እስትንፋስ ያየዋል። ቀጥተኛ መስመር ይህ መብት የለውም። በሊቶሪናዬ ጎን ላይ የሠዓሊዎቹን ነፃነት መመኘት ከንቱ ነው፤ አፍንጫው ላይ ግን ጥቂት ተበድሬያለሁ። ጥቁሩ ወደ መካከል ሲደርስ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ካልነገርኩት በቀር ያየ ሰው የለም።

አንድ በደብዳቤ የምንጻጻፍ፣ ውጭ አገር የሚኖር ሞዴል ሠሪ ወዳጅ አለኝ። እርሱ መስመሩን በኮምፒውተር ነድፎ፣ በውሃ ተነክሮ በሚለጠፍ ስስ ፊልም ላይ አሳትሞ ይለጥፋል። «በሠላሳ ደቂቃ ያልቃል» ይለኛል። አላስተባብልም፤ የእርሱ መስመር ከእኔው የቀና ነው። ግን ጠፍጣፋ ነው። ብርሃን ሲጋደምበት የፊልሙ ጠርዝ ነው የሚታየው፣ የቀለሙ ጀርባ አይደለም። እውነተኛ ፉርጎ የቀባ እጅ ቀለሙን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ለዚያ ነው የእኔን የምመርጠው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን የምወደው በሠላሳ ደቂቃ ስለማያልቅ ነው።

ፊደሉ ላይ ግን የእርሱ መንገድ ይሻላል የሚያሰኝ ነገር አለ። በጎኑ «ባሕር ዳር» የሚለው በእውነተኛው 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ሞዴሉ ላይ 7 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ይህን በእጅ መጻፍ ይቻላል። ከበሩ አጠገብ ያለው የመቀመጫ ብዛት ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ የፊደሎቻችን እግርና ቀለበት በዚያ ልክ ሲጻፍ ይዋጣል፣ ሣልስና ኃምሱ አይለይም። ትልቁን ጽሑፍ የጻፈልኝ ለሱቆች ማስታወቂያ የሚጽፍ ወጣት ነው። ፊደሎቹን አልለካም፣ አላሰመረም። ከመካከል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፎች ጻፈውና ቦታው ልክ ሆነ። ትንሹን ጽሑፍ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ሁሉም ሲደርቅ፣ የዘይት ቀለም ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ብዙ ቀን ሲያልፍ፣ ቬርኒሽ ይለብሳል። የመጀመሪያው ስስ ጉም ብቻ ነው፤ ወፍራም ቬርኒሽ በአንድ ጊዜ የመጣበት መስመር ይሟሟና ይሄዳል። ማብረቅረቁም ልክ አለው፤ እንደ አዲስ መኪና የሚያበራ ሞዴል ሞዴልነቱን ያውጃል፣ ጨርሶ ያልበራ ደግሞ የተረሳ ይመስላል። ሁለቱን ቀላቅዬ ወደ ደብዛዛው አደላሁ።

የጎኑን ፎቶግራፍ ለአማቴ ወደ ድሬዳዋ ላክሁላቸው። በማግስቱ ደወሉ። ስለ ቀለሙ ምንም አላሉም፣ ስለ ጥቁሩና ስለ አፈር ቢጫውም ምንም አላሉም። «ሁለተኛውንም ጎን ላክልኝ፤ ሰው ሁልጊዜ የተዋጣለትን ጎን ነው የሚልከው» አሉኝ። ላክሁ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ደወሉ፤ «መረገጫው ለምን ጥቁር ሆነ? ሰው ሌሊት ሲሳፈር ምኑን ያያል? ጠርዙን ቢጫ አድርገው።» አሁን የመረገጫዎቹን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር እየሸፈንኩ ነው።